የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፋርማሲ መስኮት ላይ በሹክሹክታ የሚጠየቁትን ሰብስበናል፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪዎቹ እንሄዳለን።

እንክብል ሲባል የትኛው ነው?

እዚህ የምናወራው ሁለት ሆርሞን ስላለበት ጥምር እንክብል ነው። አንደኛው ኢስትሮጅን፣ ሌላኛው ፕሮጄስቲን ይባላል። እንደ ማይክሮጋይኖን ያሉት በአንድ ፍሬ 30 ማይክሮግራም ኤቲኒል ኢስትራዲዮልና 150 ማይክሮግራም ሌቮኖርጀስትሬል አላቸው። ብዙውን ጊዜ እሽጉ 28 ፍሬ ነው። 21ዱ ሆርሞን አላቸው፤ ከዚህ በታች "ነጮቹ" የምንላቸው እነዚህን ነው። 7ቱ ሆርሞን የላቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ሲሆኑ የያዙትም ብረት ነው።

አንድ ሆርሞን ብቻ ያለበት፣ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጥ እንክብልም አለ። ማይክሮሉት የሚባለው ከዚያ ወገን ነው። የእሱ አወሳሰድ ሌላ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለውን ለእሱ አትጠቀሚበት። መጀመሪያ እሽግሽን ገልብጠሽ ስሙን አንብቢ።

እንዴት ነው የሚሠራው? ምን ያህልስ ያስተማምናል?

ዋና ሥራው እንቁላል እንዳይወጣ ማድረግ ነው። የማህፀን በር ፈሳሽንም ስለሚያወፍረው የወንዱ ዘር እንደልቡ አያልፍም። የተፀነሰን አያስወርድም።

አንድም ቀን ሳይዛነፍ ከተወሰደ፣ በዓመት ውስጥ ከ1,000 ሴቶች የሚያረግዙት 3 ያህል ናቸው። በኑሮ ውስጥ ግን ይረሳል፣ ይዘገያል፤ እንደዚያ ሲሆን ከ100 ሴቶች 7 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። ልዩነቱን ያመጣው የተረሳው ፍሬ ነው። ነገር የምትረሺ ዓይነት ሰው ከሆንሽ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ይሻልሻል፤ ይህን ደፍረን እንናገራለን። ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታዎች ደግሞ እንክብሉ ጨርሶ አይከላከልም። ለዚያ ኮንዶም ነው።

መቼ ልጀምር?

የወር አበባሽ ከመጣበት ቀን አንስቶ እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከጀመርሽ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይሠራል። በሌላ ቀንም፣ እርጉዝ አለመሆንሽ እርግጥ ከሆነ መጀመር ትችያለሽ፤ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ግን ኮንዶም ጨምሪበት። "ፔሬድሽ ሲመጣ ተመለሺ" የሚል መልስ የግድ አይደለም። እስኪመጣ ስትጠብቂ ማርገዝም አለ።

ከመርፌ የምትዞሪ ከሆነ፣ ቀጣዩ መርፌ በሚደርስበት ቀን እንክብሉን ጀምሪ። ክንድሽ ላይ ያለውን ካስወጣሽ ደግሞ በዚያው ቀን ጀምረሽ ለ7 ቀን ኮንዶም ብትጨምሪ ጥሩ ነው።

ከየትኛው ፍሬ ልጀምር? ቡናማዎቹንስ መዋጥ ግድ ነው?

መጀመሪያ ሆርሞን ያላቸው 21ዱ፣ ከዚያ ቡናማዎቹ 7። እሽጉ ላይ ቀስት ካለ ቀስቱን ተከተዪ፤ በቀን አንድ ፍሬ። የወር አበባ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቡናማዎቹ ላይ ስትደርሺ ነው። 28ኛው ባለቀ ማግስት አዲሱን እሽግ ትጀምሪያለሽ፤ ደሙ ይቁም አይቁም አትጠብቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ፔሬዴ ይጨርስና" እያለች ሦስት አራት ቀን የምታሳልፍ ሴት፣ ሳታውቀው በጣም አደገኛዎቹን ቀናት ዘላለች።

ቡናማዎቹ ከእርግዝና አይከላከሉም። ያሉት ቆጠራው እንዳይጠፋብሽና ትንሽ ብረት እንድታገኚ ነው። እሽግሽ 21 ፍሬ ብቻ ከሆነ 7 ቀን ታርፊና በ8ኛው ቀን አዲሱን ትጀምሪያለሽ። ደግሞ "ብረት ነው" ተብሎ ቡናማውን ለልጅ መስጠት አይገባም። የብረት ኪኒን ሲበዛ ሕፃንን ይመርዛል፤ እሽጉን ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጪ።

ሰዓት ማሳለፍ ችግር አለው? በጾምስ?

ጥምሩ እንክብል በሰዓት በኩል ብዙም አያስጨንቅም። ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ መከላከሉን አያቆምም። ቋሚ ሰዓት የሚያስፈልገው እንዳትረሺ ነው። ከማታ 2 ሰዓት ዜና ጋር ያያያዘች፣ ጥርሷን ስትቦርሽ የምትወስድ፣ የስልክ አላርም "ቫይታሚን" ብላ የሞላች አለች። የምታቅለሸልሽ ከሆነ ማታ ከእራት በኋላ መዋጥ ይቀላል።

በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሁር ሰዓት መውሰድ ነው። በዓቢይ ጾምም ማታ የምትወስድ ሴት አትቸገርም። ለመቁረብ ከዋዜማው ጀምረሽ የምትጾሚ ከሆነ፣ የዚያን ማታውን ፍሬ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ዋጪው። ከ24 ሰዓት እስካልበለጠ ድረስ እንደዘለልሽ አይቆጠርም። የማታውንም በሰዓቱ ቀጥዪ፤ በአንድ ቀን ሁለት ሆነ ብለሽ አትደንግጪ።

ከመጀመሬ በፊት ምርመራ ያስፈልጋል?

የደም ግፊት መለካት ያስፈልጋል። የማህፀን ምርመራ፣ የደም ምርመራ ወይም አልትራሳውንድ ለዚህ ብቻ ተብሎ ግዴታ አይደለም። ግፊትሽ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ እንክብል ላንቺ አይደለም፤ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። ከጀመርሽም በኋላ ግፊትሽን ቢያንስ በዓመት አንዴ ተለኪ። እንክብሉ አንዳንድ ሴት ላይ ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም።

ፋርማሲ ገብተሽ "ያቺን አንድ እሽግ" ብለሽ ስትወጪ ማንም ግፊት ሳይለካሽ ሊሸጥልሽ ይችላል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ብትሄጂ ይሻላል። በመንግሥት ጤና ተቋም የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እንክብል ትሰጣለች።

ማን ነው መውሰድ የሌለባት?

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። እንክብሉ ለአብዛኛዋ ጤነኛ ሴት ደህና ነው። ጉዳት የሚያመጣው የጤና ችግሯን ሳትናገር የጀመረች ሴት ላይ ነው።

እግር ወይም ሳንባ ውስጥ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም የነበረብሽ፣ የጡት ካንሰር ያለብሽ ወይም የነበረብሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ የሆነ የጉበት ሕመም ላይ ያለሽ ወይም የጉበት ዕጢ ያለብሽ፣ ስኳር በሽታው ኩላሊትሽን፣ ዓይንሽን ወይም ነርቭሽን የነካብሽ ከሆንሽ ይህ እንክብል አይሆንሽም። ዕድሜሽ 35 የሞላ ሆኖ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነም እንዲሁ። ሺሻ የምታዘወትሪ ከሆነም ደብቀሽ አትለፊው።

አገራችን ውስጥ በልጅነት ጉሮሮ ሕመም የሚጀምር የልብ ቫልቭ በሽታ ብዙ አለ። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጊ ወይም "ልብሽ ድምፅ አለው" የተባልሽ ከሆንሽ፣ የልብ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንክብል አትጀምሪ። የቫልቩ ችግር ከተባባሰ ኢስትሮጅን የደም መርጋትን ሊያመጣብሽ ይችላል።

ራስ ምታት አለብኝ፤ ልውሰድ?

የራስ ምታቱ ዓይነት ይወስነዋል። ተራ ራስ ምታት አይከለክልም። ሚግሬን ከሆነ ግን አንድ ነገር አስታውሺ፦ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ዓይንሽ ላይ የሚያብለጨልጭ የተሰባበረ መስመር ይታይሻል? ከምታዪው ነገር መሃል አንዱ ጎን ይጠፋብሻል? ግማሽ ፊትሽን ወይም እጅሽን ይደነዝዝሻል? ካለ፣ በየትኛውም ዕድሜ ብትሆኚ ጥምሩን እንክብል አትውሰጂ፤ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል።

እንደዚህ ያለ ምልክት የሌለው ሚግሬን ካለብሽና ከ35 ዓመት በታች ከሆንሽ ሐኪምሽን አማክረሽ መሞከር ትችያለሽ። እንክብሉን ከጀመርሽ በኋላ ሚግሬን ከመጣብሽ ወይም ከባሰብሽ ግን አቁመሽ ታዪ።

ማህፀን ያደርቃል ይባላል። ልጅ ማግኘት አቅቶኝስ ብቀር?

አያደርቅም። ሆድ ውስጥም አይጠራቀምም። ፍሬው እንደማንኛውም ኪኒን ይሟሟል፣ ሆርሞኑም በጥቂት ቀን ከሰውነት ይወጣል። በየቀኑ መዋጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ካቆምሽ ልጅ የመፀነስ አቅምሽ ወዲያው ይመለሳል፤ አንዳንዷ በመጀመሪያው ወር ታረግዛለች። ለመፀነስ አስበሽ ካልሆነ "ለትንሽ ጊዜ ልረፍበት" አትበዪ።

ይህ ወሬ ከሁለት ቦታ የመጣ ይመስለናል። አንዱ ከመርፌው ነው፤ ዴፖ ከቆመ በኋላ መፀነስ በአማካይ ጥቂት ወራት ይዘገያል፣ ሰው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራል። ሌላው፣ እንክብሉ ላይ እያለሽ የወር አበባ ስለሚያንስ "ደሜ ደረቀ" ያሰኛል። የሚያንሰው የማህፀን ሽፋን ስለሚሳሳ ነው። ደም ማነስ ላለባት ሴት እንዲያውም ጥቅም ነው።

ማቅለሽለሽ፣ ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ ክብደት… ምን ላድርግ?

የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ታገሺ። ማቅለሽለሽ፣ የጡት መወጠር፣ በመሃል ጠብ ጠብ የሚል ደም የሚበዛው ያኔ ነው፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ደም ስላየሽ እንክብሉን አታቋርጪ፤ ማቋረጥ ራሱ ደም ያመጣል። ከ3 ወር በኋላም ካልተወሽ እሽግ ማስቀየር ይቻላል።

ክብደትን በተመለከተ፣ ጥናቶች እንክብሉ በትክክል ያወፍራል የሚል ማስረጃ አላገኙም። ከሰርግ በኋላ ለጨመረ ኪሎ እንክብሉ ብቻውን ሲከሰስ እንሰማለን፤ ቅልቅሉና መልሱ ግን ነፃ ይወጣሉ።

ረሳሁ! አሁን ምን ላድርግ?

አንድ ፍሬ ብቻ ከረሳሽ፣ ባስታወስሽበት ሰዓት ዋጪው። የዛሬውንም በሰዓቱ ዋጪ፤ አብሮ ሁለት መዋጥም ቢሆን ይቻላል። ሌላ ነገር አያስፈልግሽም።

በተከታታይ ሁለትና ከዚያ በላይ ከረሳሽ፣ ከተረሱት የመጨረሻዋን አንዷን አሁኑኑ ዋጪ። ሌሎቹን ተያቸው፤ ሁሉንም በአንዴ ማካካስ ማስመለስን እንጂ መከላከልን አያመጣም። የቀረውን በሰዓቱ እየቀጠልሽ ለ7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ። አንዳንድ መመሪያ ይህን የሚለው ሦስት ሲረሳ ነው። እኛ ጥብቁን መርጠናል፤ አንድ ሳምንት ኮንዶም መጠቀም ብዙ አይጎዳም።

የረሳሽው በየትኛው ሳምንት ነው? የመጀመሪያው ሳምንት ከሆነና ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት ካደረግሽ፣ የድንገተኛ መከላከያ (ፖስት ፒል) ያስፈልግሽ ይሆናል። ሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ነጮቹን ጨርሺ፣ ቡናማዎቹን ጣያቸው፣ በማግስቱ አዲስ እሽግ ጀምሪ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሰውነትሽ ያለ ሆርሞን 7 ቀን ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ እንቁላል ማዘጋጀት ይጀምራል። ስለዚህ በጣም መጥፎዎቹ የሚረሱ ፍሬዎች ከቡናማዎቹ ዋዜማና ማግስት ያሉት ናቸው። ቡናማውን ራሱን ከረሳሽ ጣዪው፣ ምንም አትሆኚም።

ካስመለሰኝ ወይም ካስቀመጠኝስ?

በዋጥሽ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽ ቁጠሪና ሌላ ፍሬ ዋጪ። ለዚህ ከተጠባባቂ እሽግ ብትወስጂ የዋናው ቆጠራ አይዛባም። ማስመለሱ ወይም ከባድ ተቅማጡ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ሁለት ፍሬ እንደረሳች ሴት አድርጊ፤ እንክብሉን ሳታቋርጪ ኮንዶም ጨምሪ።

ጸበል ጠጥተሽ የሚያስመልስሽ ከሆነ እንክብሉን ጠዋት አትውሰጂው። ማታ ዋጪው፤ ጠዋት ጸበል ስትጠጪ ሰውነትሽ ውስጥ ገብቶ አልቋል።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

ከአንዳንዱ ጋር በጣም ይጋጫል። የቲቢ ሕክምና ላይ ካለሽ፣ ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ሆርሞን ጉበት ውስጥ ቶሎ ያፈርሰዋል። ሕክምናው በሚቆይበት 6 ወርና ካበቃም በኋላ ለ4 ሳምንት እንክብሉን አትመኚው። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ስለሚዳከም ዴፖ ወይም ሉፕ ይሻላል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም አሉ። ፊኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን እንክብሉን ያዳክሙታል። ላሞትሪጂን የምትወስጂ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንክብሉ የእሱን መጠን ስለሚቀንሰው የሚጥለው ሕመም ሊነሳብሽ ይችላል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትሽ ዶሉቴግራቪር ያለበት ከሆነ ችግር የለም፤ ኢፋቪረንዝ ከሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ።

አሞክሳሲሊንና የመሳሰሉት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች አይጋጩም። ያሰጉ የነበረው በድሮው ምክር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለድብርት ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ዕፅ ተጠንቀቁ፤ ዕፅ ቢሆንም እንክብሉን ያዳክማል።

ጡት እያጠባሁ ነው። ልውሰድ?

ከወለድሽ እስከ 6 ሳምንት ፈጽሞ አትውሰጂ። ከ6 ሳምንት እስከ 6 ወርም እያጠባሽ ከሆነ ይህ እንክብል አይመከርም። ኢስትሮጅኑ ወተት ሊቀንስ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ ደም የመርጋት አደጋው ራሱ ከፍ ያለ ነው። ባለ አንድ ሆርሞኑ እንክብል፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውና ሉፕ ላንቺ የተሻሉ ናቸው።

የማታጠቢ ከሆነ ከ3 ሳምንት በኋላ መጀመር ይቻላል፤ በኦፕራሲዮን የወለድሽ ወይም ሌላ የደም መርጋት ስጋት ያለብሽ ከሆነ 6 ሳምንት ጠብቂ።

ደም ያረጋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ቁጥሩን እንየው። እንክብል ከማይወስዱና እርጉዝ ካልሆኑ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ላይ ደም ይረጋል። ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን እንክብል ከሚወስዱት 10,000 ደግሞ ከ5 እስከ 7 ባሉት ላይ። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይህ አደጋ ከእንክብሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እንክብል 150 ማይክሮግራም ኢስትሮጅን ነበረው። የዛሬው የእሱ አንድ አምስተኛ ነው።

አደጋው ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ዓመትና ለአንድ ወር ያህል አቋርጠሽ እንደገና ስትጀምሪ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዓይነት ከ12 ሰዓት በላይ የሚፈጅ በረራ ካለብሽ በየሰዓቱ ተነሺና እግርሽን አንቀሳቅሺ። አልጋ ላይ የሚያውል ትልቅ ቀዶ ሕክምና ካለብሽ ከ4 ሳምንት በፊት እንክብሉን ማቆም ስላለብሽ ለሐኪሙ ቀድመሽ ንገሪው።

የሚከተሉትን ካየሽ ግን ነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፦ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ባት ላይ ያለ ሕመም፤ ድንገተኛ የደረት ውጋት ወይም ትንፋሽ ማጠር፤ ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ከባድ ራስ ምታት፤ የዓይን መጋረድ ወይም የአንደበት መተሳሰር፤ የላይኛው ሆድ ከባድ ሕመም። እንደገባሽም "የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እወስዳለሁ" በዪ። አብራሽ እናትሽ ወይም አማትሽ ስላሉ ዝም እንዳትዪ።

ለጥምቀት፣ ለሐጅ ወይም ለሰርግ ፔሬዴን ማዘግየት እችላለሁ?

ትችያለሽ። 21ዱን ነጮች ስትጨርሺ ቡናማዎቹን ትተሽ በማግስቱ ሌላ እሽግ ጀምሪ። ነጩን እየዋጥሽ እስካለሽ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምረሽ ብትዘጋጂ ይሻላል። እንክብል ላይ እያለሽ የሚመጣው ደም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ ነው፤ ቢዘለል "ቆሻሻ" አይጠራቀምም።

ፔሬዴ ሳይመጣ ቀረ። አርግዤ ይሆን?

ሁሉንም በትክክል ወስደሽ አንድ ወር ብቻ ከቀረ፣ ምናልባትም አይደለም። አዲሱን እሽግ በቀኑ ጀምሪ። ረስተሽ ከነበረ ወይም ሁለት ወር በተከታታይ ከቀረ በሽንት መርምሪ። ሳታውቂ እያረገዝሽ ወስደሽ ከነበረም እንክብሉ ፅንሱን እንደማይጎዳ ይታወቃል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ መውሰዱን አቁሚ።

በእንክብሉ ፈንታ ፖስት ፒል ብወስድ አይቀልም?

አይቀልም። ፖስት ፒል ለአደጋ ጊዜ ነው። 1.5 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል ያለው ሲሆን ከግንኙነቱ በኋላ በቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ይሻላል። የሚሠራው እንቁላል የሚወጣበትን ቀን በማዘግየት ነው፤ እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ አይረዳሽም። በየሳምንቱ የምትገዢው ከሆነ በብዙ ብር ደካማ መከላከያ እየገዛሽ ነው፣ ፔሬድሽም ይመሰቃቀላል።

ፖስት ፒል በወሰድሽ ማግስት መደበኛውን እንክብል መጀመር ትችያለሽ፤ 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪ። በ3 ሳምንት ውስጥ ፔሬድ ካልመጣ መርምሪ።

ካንሰር ያመጣል?

መልሱ ሁለት ገጽ አለው። የማህፀን ሽፋንና የእንቁላል ዕጢ ካንሰርን ይቀንሳል፤ ጥቅሙም ካቆምሽ በኋላ ለዓመታት ይቆያል። በሌላ በኩል በሚወሰድበት ጊዜ የጡት ካንሰር ዕድልን በትንሹ ይጨምራል፤ ካቆምሽ በኋላ ይህ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ከ5 ዓመት በላይ ሲወሰድ የማህፀን በር ካንሰር ዕድልም በመጠኑ ከፍ ይላል። ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ አድርጊ፤ እንክብል ወሰድሽም አልወሰድሽም።

ባለቤቴ እንዲያውቅ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

ጤና ተቋም የባል ፈቃድ አይጠይቅም፤ የነገርሻቸውም በምስጢር መያዝ አለበት። ነገር ግን ከዘዴዎቹ ሁሉ ለመደበቅ የሚያስቸግረው እንክብል ነው። እሽጉ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል፣ ደብቀሽ ስትውጪ ደግሞ ትረሻለሽ። በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ ወይም ሉፕ ለእንደዚህ ዓይነት ሁኔታ የተሻለ ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረው በእጅ ሲነካ ይታወቃል።

ውጭ አገር ልሄድ ነው። የእኔ ዓይነት ካጣሁስ? የጓደኛዬንስ ብወስድ?

አሜሪካ ጥምሩን እንክብል የምትሸጠው በማዘዣ ነው። እዚያ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደው ኦፒል ባለ አንድ ሆርሞን ነው፤ በእሱ ላይ ከ3 ሰዓት በላይ መዘግየት እንደመርሳት ስለሚቆጠር ያለፈው ልማድሽ አይሠራም። ለጥቂት ወራት የሚሆን እሽግ ከነካርቶኑ ያዢና ባዶውን አትጣዪ። ሐኪሙ የሚፈልገው ስሙን ሳይሆን የሁለቱን ሆርሞኖች ስምና መጠን ነው።

የጓደኛሽን አትውሰጂ። የእሷ ድሮስፒረኖን ያለበት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደም የማርጋት ዕድሉ ሌቮኖርጀስትሬል ካለበት ከፍ ይላል። እሽግ ስትቀይሪ በመሃል ቀን አታሳልፊ፤ የድሮውን የመጨረሻ ነጭ ፍሬ በዋጥሽ ማግስት የአዲሱን የመጀመሪያ ነጭ ፍሬ ዋጪ። የሰዓት ልዩነቱንም አትፍሪው፤ አዲስ አበባ በማታ 3 ሰዓት ትውጪ የነበረውን ዋሽንግተንም ስትደርሺ በዚያ አገር ማታ 3 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 9 PM) ዋጪው።